ስብሰባው በደበላ ጠጅ ቤት

የሺሐረግ በ1957 ዓ.ም. አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች። ከሠራተኛው ከግማሽ በላይ ሴት ቢሆንም የሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ አባላት ሰባቱም ወንዶች ነበሩ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ብቻ የሚሰበሰቡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ደበላ ጠጅ ቤት ነበር። ጠጅ ቤት የገባች ሴት ደግሞ ወሬዋ ቀድሟት ሰፈር ይደርሳል።

የሺሐረግ የአራት ወር ልጇን ለጎረቤት ትታ ነው የምትውለው። እኩለ ቀን ሲሆን ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷ ይርሳል። አንድ ቀን ሊቀመንበሩን አቶ አሻግሬን አስቆመቻቸው።

«የማጥቢያ ሰዓት ለምን አትጠይቁልንም?»

«የሚመለከተው ሰው ስብሰባ መጥቶ ያንሳዋ!» ብለው ሳቁ።

እሷ ግን ቃላቸውን ያዘች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የኮሚቴ ምርጫ ስለነበር ከጓደኛዋ ከዳሲቱ ጋር ማሽን ለማሽን እየዞረች ሴቶቹን ቀሰቀሰች።

«ባሌ ቢሰማስ?» አለች አንዷ።

«ባልሽም እዚያው ነው፤ ስትገቢ ሰላም ትይዋለሽ!» አለች ዳሲቱ።

ቅዳሜ የድሬዳዋው ባቡር ሳይገባ አርባ ሦስት ሴቶች የጠጅ ቤቱን አግዳሚ ሞሉት። ደበላ ግራ ገብቶት «ምን ልቅዳ?» ቢላቸው፣ ሁሉም ብርዝ አዘዙ። ወንዶቹ ሲመጡ መቀመጫ የለም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ አሻግሬ በሩ ላይ ቆመው።

«የሚመለከተው ይምጣ ብለው የለ? መጣን» አለች የሺሐረግ።

ሽማግሌው መካኒክ ሰቦቃ በሳቅ ግድግዳ ተደገፉ። «በገዛ አፍህ ጠርተህ! በል እንግዲህ ቁም!»

ዳሲቱ የሺሐረግን ለኮሚቴው ጠቆመቻት። የሺሐረግ በወንዶች ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ቢሆንም ተነሳች። «ንግግር አልችልም። ልጄ ስትራብ ግን እኔ ማሽን ላይ ነኝ» ብላ ቁጭ አለች። እጆች ወጡ፤ ከቆሙትም ወንዶች ብዙዎቹ አወጡ። ተመረጠች።

ሥራ አስኪያጁን ማሳመን ሁለት ወር ፈጀ። ማሽን ይቆማል ሲሉ እሷ «አይቆምም፤ አንዷ ስታጠባ ሌላዋ ማሽኗን ትይዝላታለች» አለች፤ ሳምንት ሙሉ ሠርተው አሳዩአቸው። በመጨረሻ ከጥጥ መጋዘኑ አጠገብ ልጆቻቸውን አምጥተው የሚያጠቡበት አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ኖራ የቀቡት አቶ አሻግሬ ራሳቸው ናቸው፤ ጢማቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሕፃናት ባንዴ ለቅሶውን አቀለጡት። የሺሐረግ ልጇን አቅፋ ስታጠባ፣ ዳሲቱ ጆሮዋን ይዛ «የነዚህስ ማኅበር ከኛ ይብሳል!» አለች። የሺሐረግ በጣም ከመሳቋ የተነሳ ጡቱ ያመለጣት ልጅ ስምንተኛ ሆና ጮኸች።