በመሠረት ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው ዓሣ ነባሪ

ወንድም አብዲያስ ዶማውን ሲያሳርፍ ድንጋይ መስሎት ነበር። ሲደግመው ግን ድምፁ የድንጋይ አልሆነም። አሸዋውን በእጁ ጠረገና እንዳጎነበሰ ቀረ።

"ሥራ አቁሙ" አለ። "አጥንት ነው።"

የመንደሩ ሰው "ካኑቶ" እያለ የሚያላግጥባቸው የፑንታ ሆንዳ ጴንጤዎች ለአዲሱ ጸሎት ቤታቸው መሠረት መቆፈር ከጀመሩ ሰንበትበት ብለዋል። የድሮው ጸሎት ቤት ባሕሩ ዳር ነበር፤ መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ ባሕሩ ወጥቶ ከነመድረኩ ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የሚያመልኩት በሸራ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ የበረሃው ነፋስ ሲነሳ ሸራው ከሰባኪው በላይ ይጮሃል። ማዘጋጃ ቤቱ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ከመንደሩ በላይ ያለችውን ጉብታ ሰጣቸው። ወንዶቹ ከባሕር ሲመለሱ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ በዱባ የሚለወሰውን ሶፓይፒያ የሚባል ቂጣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እየጠበሱ ሸጠው የሲሚንቶውን ወጪ ሸፈኑ። ኮንክሪት የጫነ መኪና ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከከተማ ሊመጣ ተቀጥሯል። አጥንቱ የተገኘው ዓርብ ነው።

"የሰው ይሆን እንዴ?" አለ አንዱ።

"ዳማሪስን ጥሯት። አጥንት የሷ ሥራ ነው።"

ዳማሪስ የፓስተር ኤሌዎዶሮ አንድያ ልጅ ናት። የመሬትን ነገር በዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ አሁን ከተማው ሙዚየም ውስጥ ከድንጋይ የተጣበቀ አጥንት እያጸዳች ትኖራለች። ፈቃድ ወስዳ የመጣችው ከምእመኑ ጋር ልትቆፍር ነበር። ለአንዲት ሴት ስታቀብለው የነበረውን የውኃ ጆግ አስቀምጣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፤ በሆዷ ተኝታ በመዳፏ አሸዋውን እየገፋች ወደ ጎን ተሳበች። አጥንቱ አላልቅ አለ። የራስ ቅሉ ብቻ እንደ ጀልባ ይረዝማል፤ ከኋላው የጀርባ አጥንቶቹ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ተሰልፈዋል። በሙያዋ እንዲህ ያለ ሙሉ አጥንት በእጇ ነክታ አታውቅም።

"የሰው አይደለም" አለች ቀና ብላ። "ዓሣ ነባሪ ነው።"

"እዚህ ጉብታ ላይ? ማን ተሸክሞ አወጣው?" አለ አብዲያስ። ሰዉ ሳቀ።

"መሬቱ ራሱ ነው የወጣው፣ ወንድም አብዲያስ። ይህ ሁሉ የባሕር ወለል ነበር።"

"መቼ?"

ዳማሪስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወደቆመው አባቷ አየች። ፓስተር ኤሌዎዶሮ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር።

"ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል።"

ሳቁ ጠፋ። የዓመቱ ብዛት ብቻ አይደለም ያስደነገጣቸው። እንዲህ ያለ አጥንት የመንግሥት እንደሆነ፣ ያገኘ ሰው ማሳወቅ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። በጎረቤት መንደር የአንድ መጋዘን መሠረት በዚሁ ምክንያት ታግዶ ዓመታት ፈጅቷል።

"ታዲያ ማን ነው የሚነግራቸው?" አለ አብዲያስ። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። "እስከ ዛሬ ተኝቷል። ነገ ኮንክሪቱ ይፈስበትና ከእግዚአብሔር ቤት ሥር ይተኛል። ከዚህ የተሻለ መቃብር ማን አለው?"

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ዞይላ ከተቀመጡበት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሆነው፣ "እኔ ሰማንያ አልፎኛል" አሉ። "ጣሪያ ሥር እየዘመርኩ ልሙት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።" ሲናገሩ የሚያዩት ዳማሪስን ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። አባቷ ዳቦ ከፍሎ አቮካዶ ቀባላት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህን ሌላ ሰው እንዲያደርገው አይፈልግም።

"አብዲያስን ማስቆም እችላለሁ" አለ። "አንድ ነገር ግን ካንቺ እፈልጋለሁ።"

"ምን?"

"ነገ ሕዝቡ ፊት ስጠይቅሽ፣ ይህ አውሬ በጥፋት ውኃ የሞተ ነው በይ። ያኔ የቃሉ ምስክር ይሆናል። ምስክርን ደግሞ ማንም በኮንክሪት አይቀብርም። ሙዚየሙ መጥቶ ያውጣው፤ ሕዝቡም ደስ ብሎት ይጠብቃል።"

"እውነት አይደለማ፣ አባዬ።"

"አንቺ እዚያ ነበርሽ?"

"አንተስ ነበርክ?"

ቢላዋውን አስቀመጠ።

"እኔ ካንቺ ጋር ስለ ዓመት ልከራከር አይደለም" አለ። "እዚያ ከተማ የፈለጋችሁትን ጻፉ። እዚህ ደግሞ እኛ የምናምነውን እናምናለን። ማን ይጎዳል? አጥንቱን ነው የምትፈልጊው ወይስ ክርክሩን?"

ዳማሪስ ሻዩን ገፋ አደረገች። አጥንቱን ትፈልጋለች፤ ያን ያህል የፈለገችው ነገር የለም። አንዲት ቃል ብቻ ናት። በዚያች ቃል አባቷ ከሕዝቡ፣ እሷም ከአባቷ ሳይለያዩ ያድራሉ። ክፍሏ ገብታ ስልኳን አነሳች። ለአለቃዋ ብትደውል ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፤ አባቷ ግን ከዚያ በኋላ ልጁ አሳልፋ የሰጠችው ፓስተር ሆኖ ይቀራል። ስልኩን ፊቱን ደፍታ አስቀመጠችው። ልጸልይ ብላም ተንበርክካ ቃል ስላልመጣላት ተኛች።

ጠዋት ሁሉም ጉድጓዱ ዙሪያ ተሰበሰበ። አባቷ ጸሎት ከፈተ፤ እንደ ልማዳቸው ሦስቴ "ክብር ለእግዚአብሔር" አሉ። ከታች ከዋናው መንገድ አቧራ ሲነሳ ታየ፤ መኪናው ከቀጠሮው ቀድሞ እየመጣ ነበር።

"ዳማሪስ" አለ አባቷ። ድምፁ የመድረክ ድምፅ ነበር። "አጥንት የምታውቂ አንቺ ነሽ። ይህ አውሬ የሞተው በጥፋት ውኃ ነው?"

እጆቿን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

"አይደለም፣ አባዬ።"

ጉምጉምታ ተነሳ። አባቷ ዓይኑን ጨፈነ።

"በከተማማ የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያት በእግሩ ይሄድ ነበር ይላሉ አሉ" አለ አብዲያስ። "ጫማ ቁጥሩ ስንት ነበር?"

ሳቁ ፊቷን በጥፊ እንደ መታት ሆነባት፤ ቢሆንም መለሰች። "ይሄድ ነበር። ዛሬ የሚዋኘው ራሱ ሆዱ ውስጥ ትንሽ የዳሌ አጥንት አለው። ከሌላው አጥንቱ ጋር ሳይያያዝ ሥጋው ውስጥ ብቻውን ይገኛል።"

ሰዉ ይበልጥ ሳቀ፤ አብዲያስ ግን አልሳቀም።

እትዬ ዞይላ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ዝም አሰኟቸው። "ልጄ፣ አሁንም ትጸልያለሽ? ወይስ ለአባትሽ ስትዪ ከንፈርሽን ነው የምታንቀሳቅሺው?"

"እጸልያለሁ፣ እትዬ። አንድ ሰሞን ትቼ ነበር። ጸሎትና አጥንት አብረው አይሄዱም ብለውኝ፤ እዚህም እንዲያ ይሉኛል፣ እዚያም እንዲያ ይሉኛል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አጥንት ከድንጋይ ማውጣት ሲበዛ ዝግ ያለ ሥራ ነው። መጀመሪያ የጆሮው አጥንት ይወጣል፤ ቆይቶ ዓይኑ የነበረበት ቦታ። አንድ ቀን እንዲህ እየሠራሁ አፌን ሲዘምር አገኘሁት። መቼ እንደ ጀመርኩ አላውቅም። እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው አምናለሁ። እንዴት እንደ ፈጠረው ሲያሳየኝ ደግሞ ዓይኔን መጨፈን አልችልም። ሌላ የምለው የለኝም።"

መኪናው ጉብታውን እያቃሰተ ወጥቶ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "የት ነው የማፈሰው?"

አብዲያስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

"አጥንቱ አለ። እሷ ያለችው፣ የዳሌው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ባሕሩ የተፋውን ዓሣ ነባሪ አርደን አይቼዋለሁ። ክንዴን አይሞላም። አባቴን ምንድን ነው ብለው እኔ እንጃ አለኝ። እኔም ምን እንደሆነ አላውቅም።" ከዚያ ቀና አለ። "ቢሆንም ኮንክሪቱ ይፍሰስ ነው የምለው። ሕዝቡ ደክሞታል። እጅ እናውጣ።"

"እጅ አይወጣም" አለ ፓስተር ኤሌዎዶሮ።

"ፓስተር፣ ቤቱ እኮ ያንተ ብቻ አይደለም።"

"አይደለም። ጥፋቱ ግን የኔ ብቻ ነው።" ባርኔጣውን አወለቀ። "ማታ ልጄን እንድትዋሽላችሁ ለመንኳት። ሰላም እንዲሆን ብዬ። ስለ ውኃው ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው የማምነው፤ እሷ ያለችውን አልቀበልም። ግን በማታምንበት ነገር አዎ እንድትል፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ ጠየቅኳት። እሷ እምቢ አለች፤ እኔ ፓስተሩ ግን ጠያቂ ነበርኩ። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ መሠረት አላፈስም።"

ወደ መኪናው ሄዶ ሾፌሩን አነጋገረው። መኪናው እንደ ሞላ ተመልሶ ቁልቁል ወረደ። ዳማሪስ ከዚያ በኋላ ነው ለሙዚየሙ የደወለችው፤ በሁሉም ፊት።

የዚያኑ እሑድ አብዲያስና ጥቂት ቤተሰቦች ሸራው ሥር አልመጡም። በአብዲያስ ሳሎን ውስጥ ለብቻቸው መዘመር ጀመሩ፤ ነፋሱ ሲመቸው ድምፃቸው ይሰማል። የሙዚየሙ ሰዎች መጥተው አጥንቱን በጀሶ እየጠቀለሉ ሲያወጡ ክረምቱ ገባ። እትዬ ዞይላ በክረምቱ አጋማሽ ሳንባቸውን ታመው ሞቱ። ሽኝታቸው በሸራ ሥር ሆነ። ዳማሪስ ከሴቶቹ ጋር ጊታር መታች፤ ነፋሱ ዝማሬውን ይቆራርጠው ነበር። እውነቱን በመናገሯ አልተጸጸተችም፤ ሳጥኑን ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ከሴቶቹ አንዷ አጠገቧ መጥታ፣ "ጣሪያ ነበር የለመኑሽ" አለቻትና አልፋ ሄደች። ዳማሪስ ጊታሩን አንስታ ዝማሬውን ቀጠለች።

ጸደይ ሲብት ጉብታው ተለቀቀላቸውና ኮንክሪቱ ፈሰሰ። ጠዋት ላይ አብዲያስ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ፣ የጎደለ ቦታ ፈልጎ ሲያስተካክል ዋለ።

ማታ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። የአባቷ ጥፍር በሲሚንቶ ነጥቷል።

"እነዚያ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩት" አለ ሳያያት፣ "እግራቸው ምን ዓይነት ነበር?"

"ታምነኛለህ እንዴ?"

"አላምንሽም። እየጠየቅኩሽ ነው።"

"ሰኮና ነገር ነበራቸው። ዛሬ ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ ነው፤ ራቅ ሲል ደግሞ ላም።"

ፓስተር ኤሌዎዶሮ ሻዩን ፉት አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ግን ሊያፍነው ያልቻለው ፈገግታ ነበር።

"ላም" አለ። "ይህን ለአብዲያስ እንዳትነግሪው። ገና ዛሬ ነው የተመለሰው።"