አሥር ደቂቃ የቀራት መኪና

"አለቀ እኮ ይሄ!" አሉ የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ግድግዳው ላይ ወደምትንፏቀቀው ቢጫ መኪና ጣታቸውን ቀስረው። "ሰኞ እንጀምራ! ምን እንጠብቃለን?"

ሰውየው ቶሎ ቶሎ ማለት ስለሚወዱ ወላጆቹ ዘወር ሲሉ "ጋሽ ቶሎ" ነው የሚሏቸው። በሶፍትዌር ሠሪዎቹ ቢሮ ጠባብ ክፍል የታጨቀው የኮሚቴ አባል ሁሉ አጨበጨበ። ከፕሮጀክተሩ አጠገብ የቆመችው ዲዛይነር ብቻ አላጨበጨበችም።

መኪናዋ የሙአለ ሕፃናቱ ሰርቪስ ናት። ወላጅ ስልኩን ከፍቶ ሰርቪሷ የት እንደደረሰች የሚያይበት ሶፍትዌር ሊሠራ ነው። ልብ በሉ፣ ሊሠራ ነው፤ ገና አልተሠራም። ግድግዳው ላይ የሚታየው ናሙና ነው። ዲዛይነሯ ሥዕል ከሥዕል አያይዛ፣ ሲነኩት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ያደረገችው። መኪናዋ በከፈቷት ቁጥር ያንኑ መንገድ ሄዳ፣ ያንኑ መታጠፊያ ላይ ቆማ "አሥር ደቂቃ ቀርቷታል" ትላለች። ጎማ ቢፈነዳም፣ እሑድም ቢሆን አሥር ደቂቃ ነው። ናሙና የሚሠራው ሰዉ አይቶ "ይሄ ይቅር፣ ያ ይጨመር" እንዲል ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እጇ ጥሩ ነውና አሳመረችው። ያን ያህል ያማረ ነገር ደግሞ ማን ደፍሮ ይቅር ይላል?

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና..." ብላ ስትጀምር አለቃዋ በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

"ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው የቀረው" አለ ፈገግ ብሎ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አራት ሆነው የሚሠሩበት ቢሮ አዲስ ሥራ ካየ ወራት አልፈውታል። ይህ ውል ካልተፈረመ በሩን መዝጋት ነው፤ አራቱም ወደየቤታቸው። እሷም ይህን ስለምታውቅ ዝም አለች።

ስልኳ የጮኸው ይሄኔ ነው። አማቷ ናቸው። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ልጄ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው?"

"የቷ መኪና፣ እማማ?"

"የሚጢጢ ሰርቪስ ናታ! ልብስ አጥቤ ጨረስኩ፣ አሰጣሁ፣ ቤቱን ጠረግሁ፣ እሷ አሁንም አሥር ደቂቃ ነው የምትለኝ። መንገድ ተዘጋባት ይሆን?"

ክው አለች። ትናንት፣ ፊደሉ ለትልቅ ሰው ዓይን ይነበብ እንደሆነ ለማየት ናሙናውን አማቷ ስልክ ላይ ጭናው ነበር። "ይነበባል?" ብላ ጠየቀች። "ያለ መነጽር!" አሏት። ተሳሳቁ፣ እራት በሉ፣ ተኙ። ሥዕል መሆኑን መናገር ረሳች። አማቷ እኮ ፀሐይ ነው ዝናብ ነው ሳይሉ፣ ሰርቪሷ ሳትመጣ ቀድመው ሚጢጢን ለመቀበል መታጠፊያው ላይ የሚቆሙ ሴት ናቸው! ዛሬ ግን ምራታቸው የሠራችው ነገር ስላለ ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁ።

"እማማ፣ ስልኩን ይተዉት! አሁኑኑ ወደ መታጠፊያው ይውጡ!"

ለአለቃዋ "ልጄን የሚቀበል የለም!" ብላ፣ ቦርሳዋንም ሳታነሳ ደረጃውን ወረደች። እየሮጠች ለሰርቪሷ ረዳት ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች፣ አይነሳም። ቤቷ ከቢሮው ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ ግን መንገዱ አላልቅ አለ። የአምስት ዓመት ልጇ ብቻዋን አስፋልት ዳር ቆማ ታየቻት።

አማቷ መታጠፊያው ላይ ባለው ፋርማሲ በር ቆመዋል። አንድ እግራቸው ጫማ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርጓል። ስልኩን እንደያዙት ነው።

"የለችም" አሉ። "ፋርማሲስቷ አይታለች። መኪናዋ መጣች፣ ጡሩንባ ነፋች ነፋችና ሄደች ትላለች። ሚጢጢ ወርዳ እንደሆነ ግን አላየችም። እኔን ይድፋኝ! እኔን!"

"አይዞዎት እማማ" አለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች ማየት ያዙ።

ከብዙ ጭንቀት በኋላ ቢጫዋ መኪና፣ እውነተኛዋ፣ ጭቃ የለበሰችው፣ ከታች በኩል ብቅ አለች። መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን የደፈጠጠች ሚጢጢ አለች።

ረዳቷ በሩን ከፍታ ወረደችባቸው። "ምነው እማማ፣ ምን ነካዎት? ተቀባይ ከሌለ ልጅ አናወርድ! ሌላውን ሁሉ አድርሰን ተመለስን።"

"ስልክ አታነሺም?" አለች እናት።

"አንዱ ልጅ እላዬ ላይ እያስመለሰው፣ በየትኛው እጄ ላንሳው?"

ሚጢጢ ዘላ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "አያቴ፣ የሁሉንም ልጆች ቤት አየሁ! አንዱ ቤት ውሻ አለ! ነገም እንዳትመጪ፣ እሺ?"

አማቷ ሳቅም ልቅሶም የቀላቀለው ድምፅ አወጡ። ልጅቷን መሬት ሳያስነኩ፣ ወገባቸውን እያመማቸው፣ እስከ ቤት ድረስ ተሸከሟት።

ቤት ገብተው ሲረጋጉ አማቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

"አልዋሽሽም ልጄ፣ መሃል ላይ ልቤ ውጪ ውጪ ብሎኝ ነበር። እሱን ሳየው ተመለስኩ። አንቺ የሠራሽው ነዋ! አንቺ አሥር ደቂቃ ካልሽኝ አሥር ደቂቃ ነው።"

አንጀቷን በላት። ቢቆጧት ይሻል ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው እማማ። ሥዕል ነው። መኪናዋ የት እንዳለች ምንም አያውቅም።"

"ሥዕል?"

"ሥዕል።"

"ታዲያ አላውቅም አይልም? ሰው እንኳ የማያውቀውን ሲጠይቁት አላውቅም ይላል።"

"ሁሉም ሰው አይልም፣ እማማ" አለች፤ የቢሮው ዝምታዋ ትዝ ብሏት።

ተነሥታ የሚጢጢን የጫማ ካርቶን ቆራረጠች። በልጅቷ ከለር እርሳስ ስልክ ሣለች፣ መንገድ ሣለች፣ መኪናዋን ለብቻ ቆርጣ አወጣች። መስመሩ ተጣሟል፤ እሷም አላቃናችውም። ከዚያ በአንዷ ቁራጭ ላይ በትልቁ ጻፈች፦ "መኪናዋ የት እንዳለች አላውቅም። ለረዳቷ ይደውሉ።"

"እስቲ ይንኩት" አለቻቸው።

አማቷ ካርቶኑን በጣታቸው ነኩ። ጠበቁ። "እምቢ አለኝ።"

"ኮምፒውተሩ ሰው ነው። እርስዎ ሲነኩ እኔ ወረቀቱን እቀይራለሁ። በሉ አሁን ደግሞ እርስዎ ኮምፒውተር ይሁኑ፣ ሚጢጢ ትንካ።"

አቤት፣ እንዴት ያለ ቁጡ ኮምፒውተር ወጣቸው! ሚጢጢ ደጋግማ ስትነካ "አንዴ ነው የሚነካው፣ ቆይ!" ይላሉ። መኪናዋን ከመንገድ አውጥታ ወደ ውሻው ቤት ልትወስዳት ስትል እጇን ቸብ ያደርጓታል። ግራ ሲገባቸው ደግሞ ያቺን ቁራጭ ከፍ አድርገው፣ ኮራ ብለው "አላውቅም!" ይላሉ። ሦስቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

አለቃዋ ደወለ። "ልጅቷ ደህና ናት?" አለ አስቀድሞ። ደህና መሆኗን ሲሰማ ድምፁ ፈካ። "እንግዲያው ደስ ይበልሽ፣ ነገ ሊፈርሙ ነው! ሰኞ ብያቸዋለሁ።"

"ሰኞ ምን ልንሰጣቸው? ሥዕሉን?"

"ሮጠን እንደርሳለን።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አማቷን ያውቃቸዋል፤ ሲያመው ሾርባ ልከውለታል።

"እውነቱን ለኮሚቴው ብትነግሪ ውሉ ሊቀር ይችላል።"

"አውቃለሁ። ሠላሳ ወላጅ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሥዕል ሲያይ..."

"በቃ፣ አትጨርሺው። አልከለክልሽም። እኔ ግን ደውዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።"

ስልኩን ዘግታ ካርቶኖቹን አየቻቸው። ከዚያ አማቷን አየች። የሰብሳቢውን ስም ፈልጋ ደወለች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ያዩዋት መኪና ሥዕል ናት። እዚያው ልነግርዎት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ሶፍትዌሩ ገና አልተሠራም፤ ለሰኞም አይደርስም።"

ጋሽ ቶሎ ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገዩ።

"ታዲያ ያ ሁሉ ምንድን ነው?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ እኮ ለልጅ ልጄ መንገድ ዳር መቆም ቀረልኝ ብዬ ነበር።"

"አይቅሩ፣ ጋሼ። ይቁሙ። ነገ ደግሞ ወረቀቶቼን ይዤ ልምጣና፣ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ አብረን እየሣልን እየሰረዝን እንየው።"

"ወረቀት?" ተነፈሱ። "ስለ ውሉ ምንም ቃል አልገባልሽም። ጠዋት ነይ።"

"እሺ። አማቴም አብረውኝ ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ እሳቸው ናቸው።"

አማቷ ደነገጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ምራታቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ብድግ አሉና አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው መፈለግ ጀመሩ።

"ምን ጠፋብዎት፣ እማማ?"

"ጫማዬን ነዋ" አሉ ከአልጋው ሥር። "ነገስ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን።"