የትልቁ ማሽን ቅናት

ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአፏ መርፌ፣ ከምላሷም ነገር የማይጠፋ። ታናሺቱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ አፏ እንደ ካዝና የተቆለፈ። በጠባይ ሰማይና ምድር የሆኑትን እኅትማማቾች ያስተካከላቸው በአንድ ዓመት የያዛቸው የጡት ካንሰር ብቻ ነበር። ሁለቱም በቀዶ ሕክምናውም በጨረሩም አልፈው ዳኑ።

ያለያያቸው ክትትሉ ነው። ሐኪሙ ለታላቂቱ በየዓመቱ ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅ አዘዘ፤ ለታናሺቱ ግን በማሞግራሙ ላይ ኤምአርአይ ጨመረላት። ከዚያ ወዲህ ቅናት እንደ ብል የልብስ ሰፊዋን ልብ ይበላ ጀመር። እሷን ጡቷን በሁለት ሰሌዳ መሀል ጨምቀው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ያለ አጃቢ ይሸኟታል። ታናሿ ወደዚያ ትልቅ ማሽን ስትገባ ግን ባሏ ይነዳል፣ እናታቸውም በሩ ላይ ስትጸልይ ትውላለች።

«እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለች ለእናቷ። ትልቁ ማሽን ካልታዘዘላት ፎቶም እንደማትነሣ ምላ፣ የማሞግራም ቀጠሮዋን አሳለፈችው። ቢለምኗትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

የታናሺቱ ተራ ሲደርስ ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዶ ነበርና፣ ታላቂቱ «እኔ አደርሳታለሁ» አለች። ለደግነት አልነበረም፤ የተነፈገችውን ማሽን በዓይኗ ልታየው ነው።

ታናሺቱ የሆስፒታሉን ጋውን ለብሳ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሎላት፣ መጠበቂያው ክፍል ተቀመጠች። እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«ለፎቶም ይፈራል?» አለች ታላቂቱ። «እኔ ብሆን እየዘፈንኩ ነበር የምገባው።»

«እትዬ፣ ሽልማት መሰለሽ?» አለች ታናሺቱ ዝግ ብላ። «የእኔ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራሙ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዕጢም ነጭ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር ፈልጊ ብትባዪስ? ፎቶው ስለማያስተማምናቸው ነው እዚያ ውስጥ በደረቴ የሚያስተኙኝ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ የለኝም። ያንቺ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ እኮ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ልብስ ሰፊዋን የሚቀናባት ሰው መኖሩ ትንሽ ደስ አሰኛት። ወዲያው ግን ጥርት ብሎ የሚታየውም ሲነሡት ብቻ መሆኑ፣ እሷም ቀጠሮዋን ማሳለፏ ትዝ አላት።

እሑድ ቤተሰቡ ምሳ ላይ እንደተሰበሰበ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ነገ ማሞግራም እነሣለሁ፤ ስለ ኤምአርአይም ሁለተኛ አላነሣም። እማዬ ግን አብረሽኝ ትሄጃለሽ። የእኔም በር ላይ ይጸለይ።»