የናርሲሶ መቃብር

ሰኞ የሙታን ነፍሳት ቀን ነው። ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ ሴቶቹ ገበያቸውን ገና ሳይጨርሱ ወደ መቃብሩ ይወጣሉ። ሬሳው የሚቀበረው በግንቡ ውስጥ እንደ እርግብ ቤት በተደረደሩ ጉድጓዶች ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን ሟች በጣቷ አንጓ ታንኳኳና «ተነስ፣ እኔ ነኝ» ትለዋለች። ሟቾቹ ዘመዶቻቸው አይደሉም። በጦርነቱ ዘመን የማግዳሌና ወንዝ ያመጣቸው፣ ስምም ፊትም ያልነበራቸው ሬሳዎች ናቸው። አንዷ መጥታ «ይሄ የኔ ነው» ትላለች፣ በቀለም «የተመረጠ» ብላ ትጽፍበታለች፣ ስም ታወጣለታለች፣ አበባ ታመጣለታለች። እሱ ደግሞ በፈንታው በሽተኛዋን ይፈውስላታል፣ ባሏን ከመጠጥ ቤት ይመልስላታል። አንዴ የተመረጠውን ሌላ ሰው አይነካውም።

ከሌላ ቦታ የመጣው ኔቫርዶ ኪሴኖ ይህን ለመረዳት ብዙ አልፈጀበትም። ከዚያ በፊት አውቶቡስ ላይ እየተንጠላጠለ የወስፋት መድኃኒት ይሸጥ ነበር፤ የሰው ፊት ማንበብ የተማረው እዚያ ነው። ከሴቶቹ መካከል የገዛ ልጃቸውን ወንዙ የበላባቸው እንዳሉ አየ። እነሱ የሰው ሟች እያስታመሙ ዓይናቸው ከግንብ ግንብ ይቅበዘበዛል፤ ከነዚህ አንዱ የኔ ቢሆንስ ይላሉ። እንጀራው የሆነው ይህ ጥያቄ ነው።

ጆሮውን ግንቡ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ፋቢዮላ፣ ልጅሽ ግራ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ነበረው?»

«ከበቅሎ ወድቆ!»

«ጠማኝ ይላል። ውኃ ውስጥ ሆኜ ጠማኝ።»

ሴትዮዋ እዚያው ተንበረከከች። ስትነሳ የወርቅ ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውልቃ በመዳፉ አኖረችለት። የጠባሳውን ነገር የነገረችው ራሷ ነበረች፤ ባለፈው ሳምንት ዓሣ ለመግዛት ተራ ሲጠብቁ። ሐዘንተኛ ያወራውን አያስታውስም። ኔቫርዶ ደግሞ የሰማውን አይረሳም።

ግን ጉትቻ ምን ያደርጋል? ከወንዙ ማዶ፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የከብት መሬት ያላቸው ሰው በክብር ዶኛ ኦፌሊያ የሚላቸው ባልቴት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ጁሊያን ከስምንት ዓመት በፊት በታጠቁ ሰዎች ተወስዶ አልተመለሰም። እሳቸው ወደ ድሆቹ መቃብር ወጥተው አያውቁም፤ የኔቫርዶን ዝና ሰምተው መኪና ላኩበት።

ኔቫርዶ ለጁሊያን መቃብር ሲፈልግ ቀለሟ ያልደበዘዘች አንዲት ጉድጓድ መረጠ። «የተመረጠ፣ ናርሲሶ» ይላል። ባለቤቷ ዓሣ ሻጯ ቤትሳቤ ናት።

«እትዬ ቤትሳቤ፣ ናርሲሶሽ ወንዙ ካመጣው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስምንት መሰለኝ። ምነው፣ ልትድርልኝ ነው?»

«የዶኛ ኦፌሊያ ልጅ ነው። ነግሮኛል።»

ቤትሳቤ ቅርፊት የተጣበቀበት እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጎረቤቶቿን አየች። «እሱ ካለማ ይውሰዱት! ናርሲሶዬ እንደሁ የሀብታም ቤት አይቶ አያውቅ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ፋቢዮላ ብቻ ባዶ ጆሮዋን እየዳሰሰች ታየው ነበር። ኔቫርዶ ሳቁን ከጅልነታቸው ቆጠረው።

በዝናቡ ወራት ማዶ ወደ ዶኛ ኦፌሊያ ቤት ተሻገረና እዚያው ቀረ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ዓይኑን ይጨፍንና በጁሊያን አንደበት ይናገራል። «እማዬ፣ ውሻዬን ማን ያበላዋል?» «እማዬ፣ መሬቱን ለአጎቴ ልጆች እንዳትሰጪ።» ሴትዮዋ እጁን ይስማሉ። የልጃቸውን ሸሚዝ አለበሱት፣ ጫማውን አጫሙት፣ በአልጋው አስተኙት። ያን ሁሉ ጊዜ የከብት ጠባቂዎቹ አለቃ አርሴሲዮ ምሰሶ ተደግፎ ትምባሆ ያኝካል እንጂ ቃል አይተነፍስም። ኔቫርዶ ጠዋት በመስኮት ከብቶቹን እያየ የትኛውን እንደሚሸጥ፣ የትኛውን እንደሚያስቀር ያሰላስል ጀመር። አሮጊቷ ሲስሉ ሳላቸውን ያዳምጣል፤ ያስደስተዋል።

በመጨረሻ ዶኛ ኦፌሊያ ጠበቃቸውን ጠሩ። «መሬቱን ባንተ ስም አደርገዋለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ልጄ ከድሆቹ ግንብ ወጥቶ በጸሎት ቤቴ ይረፍ።»

ኔቫርዶ ትንሽ ደነገጠ። ቶሎም ተረጋጋ። አጥንት አጥንት ነው፤ ስምህ ማነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። «እሱም ቤቴን እያለ ነው» አለ።

በሰኞው ከተማው ሁሉ መቃብሩ ላይ ተሰበሰበ። አርሴሲዮ በመዶሻ ግንቡን መታው። ሲሚንቶው ተፈረፈረ፤ የበሰበሰው ሳንቃ ተሳበ። በውስጡ አጥንት ነበር፤ ከአጥንቱ ጋር የአበባ ቀሚስ ቅዳጅ፣ በቀይ ላስቲክ የታሰረ እስከ ወገብ የሚደርስ የጸጉር ጉንጉን።

ሰዉ ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«ሴት ናት» አለች ቤትሳቤ። «ከወንዙ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ባሌ ናርሲሶ እዚያው ወንዝ ገብቶ ሬሳው ጠፋ። የማለቅስበት መቃብር አልነበረኝም፤ ስሙን ለእሷ ሰጠኋት። ይህን የማያውቅ እዚህ ከተማ የለም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ኔቫርዶ።

«መቼ ጠየቅኸን? አንተ የምትሰማው ከሙታን ነው ብለን!»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አንዷ ምራቋን ጫማው ላይ ተፋች፤ የጁሊያን ጫማ ላይ።

ዶኛ ኦፌሊያ ጉንጉኑን አላዩትም። የኔቫርዶን እጅጌ ጨምድደው ያዙ። «ግንቡ ተሳስቶብህ ነው። ሁሉም ይመሳሰላል። ልጄ የትኛው ውስጥ ነው? አንኳኳ።»

ኔቫርዶ አካባቢውን ቃኘ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሄዱ እያንዳንዷ ጀርባዋን ለራሷ ሟች ሰጥታ ቆማለች። ከኋላው አርሴሲዮ መዶሻውን ይዟል፤ ከአርሴሲዮ ኋላ ጠመንጃ ያነገቱ የእርሻው ሰዎች አሉ። የቅርቡ ጉድጓድ የፋቢዮላ ነበር። እጁን ዘረጋ።

«ንካውና እስቲ ልይህ» አለች ፋቢዮላ በቀስታ። የዓሣ ቢላዋ ይዛለች።

እጁን መለሰ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «እመቤቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «ልጅዎ አላናገረኝም። ማንም ሙት አናግሮኝ አያውቅም።»

በሕይወቱ እውነት ተናግሮ አትራፊ የሚሆን መስሎት የነበረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሮጊቷ ጉንጩን ዳበሱት።

«አስፈራሩህ አይደል? ጁሊያንም ሰው ሲበዛበት አንደበቱ ይተሳሰር ነበር።»

«እውነቴን ነው! በሥላሴ!»

«የውሻውን ስም ማን ነገረህ ታዲያ? ሲያለቅስ የሚደበቅበትን ቁም ሳጥንስ?»

«እርስዎ! እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ!»

«እኔ አልነገርኩህም» አሉ በእርጋታ። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር፤ አልዋሹም። «ደክሞታል፤ ወደ ቤት ውሰዱት። ሰኞ ሰኞ እናመጣዋለን። እስኪያገኘው ድረስ።»

ሴቶቹ መንገድ ከፈቱላቸው። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

አርሴሲዮ ኔቫርዶን ከመኪናው አውርዶ በጁሊያን ክፍል አስገባው፤ መስኮቱ አዲስ የብረት ፍርግርግ ተበጅቶለታል። በሩ ላይ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረው።

«ያን ልጅ ፈረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያለቀሰበትን ቁም ሳጥን አውቀዋለሁ፤ የማደብቀው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ያምኑሃል። እሳቸው እስካሉ ድረስ ማንም በክፉ አይነካህም።»

«ከዚያስ?»

«አርጅተዋል። ይስላሉም። ጸልይላቸው።»

ከመመገቢያው ክፍል የሳህን ድምፅ መጣ፤ ሾርባው የከብት ጎድንና አረንጓዴ ሙዝ ይሸታል፣ ጁሊያን ይወደው የነበረው።

«ልጄ! ቀዘቀዘ እኮ!»

ኔቫርዶ ሳላቸውን አዳመጠ። ደረቅና ረጅም ነበር። ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሳ።

«መጣሁ፣ እማዬ» አለ። «ጋቢሽን ልበሺ፤ ብርድ እንዳይመታሽ።»