ከተሳቢው ወርዶ

ጥሩምባ ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የመኪና ተራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ሲያወራ ክላክስ የሚነፋ ይመስላል። የዕድሜውን ግማሽ ያህል ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዳ የኖረ፣ አርባዎቹን ሊጨርስ የተቃረበ፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው።

አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸው የሕፃናት አስተማሪ ታመመች። መጋቢው ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ እሱ ላይ አረፈ።

«ወንድሜ፣ ስብከቱ እስኪያልቅ ልጆቹን ያዝልን። ማስተማር የለብህም፤ እንዳያመልጡ ብቻ ጠብቃቸው።»

ልጆቹ ገና ሲያዩት ጸጥ አሉ። አንዷ ልታለቅስ ከንፈሯን ጣለች። የሚያደርገው ሲጠፋው መሬት ላይ ዘፍ አለና የጥፋት ውሃውን ታሪክ በሚያውቀው መንገድ፣ እንደ ጭነት ሥራ አድርጎ ይነግራቸው ጀመር።

«ሁለቱንም ዝሆኖች ከፊት ከጫንናቸው መርከቡ በአፍንጫው ይደፋል! ታዲያ የት እናድርጋቸው?»

«መሃል!»

«ቀጭኔዋስ?»

ለቀጭኔዋ ጣሪያው ይበሳ አይበሳ የሚለው ክርክር ስብከቱ ካለቀም በኋላ አላበቃም። ወላጆች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ነው ያስወጧቸው።

አስተማሪዋ ድና ስትመለስ «ረዳትሽ ልሁን» አላት። እሑድ እሑድ ከልጆቹ ጋር ይውላል፤ በሥራ ቀን መኪናውን ይነዳል፣ ልቡ ግን እዚያች ክፍል ቀርታለች። መንገድ ዳር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ መጸለይ ያዘ። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ሐሳብ ከአንተ ካልሆነ ከልቤ አውጣልኝ።» አልወጣም። ይባስ ብሎ ሥር ሰደደ።

ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ በልብስ ፋብሪካ የስፌት ክፍል ኃላፊ ናት፤ የተነገራትን ነገር ሁሉ እንደ ልብስ ገልብጣ ስፌቱን ሳታይ አትቀበልም።

«የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ? ይህን የነገረህ እግዚአብሔር ነው ወይስ መንዳት የሰለቸው ወገብህ?»

«ሁለቱ ሳይመካከሩ አልቀሩም።»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «አልቃወምህም። ግን እኔም እስክሰማ አብረን እንጸልያለን። ትዳሩ የሁለታችንም ነው።»

ቤት ባደረ ቁጥር ማለዳ ከሥራ በፊት ሳሎናቸው ውስጥ ጎን ለጎን እየተንበረከኩ ጸለዩ። አንድ እሑድ ሚስቱ ከስብከቱ መሃል ተነሥታ የልጆቹ ክፍል በር ላይ ቆመች። ባሏ በአራት እግሩ እየዳኸ፣ ሁለት ሕፃናት ጀርባው ላይ ተጭነውት፣ እንደ አህያ ያናፋል። ዓይኗን እንባ ሞላው። ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዱን ያዝ አድርጋ «ሰምቻለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«የጸለይንበትን። ተማር። እስክትጨርስ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ።»

ታላቅ እህቱ ግን ወሬውን ስትሰማ ጉድ አለች። «ከተሳቢ ወደ ሽንት ጨርቅ! ሰው በዚህ ዕድሜው ወደ ኋላ ይድሃል?»

«እትዬ፣ እነሱ ጋ ለመድረስ መዳህ ግድ ነው» አላት እየሳቀ።

በገባበት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ አብረውት የሚማሩት ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። መጀመሪያ «አባባ» አሉት፤ ሲላመዱት ወደ «ጋሼ» አወረዱት። እንደ ጥንቸል ዝለል ሲባል ዘለለ፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። አሠልጣኟ ከሁሉ በላይ የለፋችው ድምፁን በማስቀነስ ነው።

ተመርቆ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ ሲጠይቅ ርዕሰ መምህርቷ አመነቱ። «ችሎታዎን አልጠራጠርም። ግን ወላጆች ወንድ አስተማሪ አልለመዱም። ምን ይሉኛል?»

«ልክ ናቸው። ልጁን ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ሰው መጠንቀቅ አለበት። በሩን ከፍቼ አስተምራለሁ፤ የፈለገ መጥቶ ይቀመጥ።»

በዚሁ ተስማምተው ቀጠሩት። አንድ ሽማግሌ እውነትም መጡ። የአንዲት ተማሪ አያት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መርማሪ ፖሊስ። በየጠዋቱ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያች ለሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ በሩ ሥር ይሰየማሉ። ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አይነቅሉም።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይቀበላል፤ አንዱን አባብሎ ሲያስቀምጥ ሌላዋ ቀለሙን ትደፋለች። ዓርብ ዕለት ሸሚዙ ቀለም በቀለም ሆኖ፣ ትከሻው ወርዶ ቤቱ ገባ።

«ተሳስቼ ይሆን እንዴ?» አላት ሚስቱን።

«መጀመሪያ መሪ የጨበጥክ ቀን ምን ሆንክ?»

«የሰው አጥር ጥሼ ገባሁ።»

«በዚህ ሳምንትስ?»

አሰበና ሳቁ አመለጠው። «አጥር እንኳ አልጣስኩም።» ከዚያ ምግቡ ሳይቀርብ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩ። ሥራው ይቅለልልኝ አላለም፤ ትዕግሥት ጨምርልኝ አለ እንጂ። ሰኞ ሲሄድ ትከሻው ተመልሶ ቀና ብሎ ነበር።

ከቀናት በኋላ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ልጆቹን ፍራሻቸው ላይ አስተኝቶ በዚያ ድምፁ በሹክሹክታ ተረት ጀመረላቸው። አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ተረቱን ሲጨርስ የማንኮራፋት ድምፅ ሰማ። አያትየው ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ለጥ ብለዋል።

ሲነቁ ደንገጥ ብለው ቆባቸውን አጠለቁ። «ከነገ ጀምሮ አልመጣም፤ ሥራ አለብኝ።»

«የምን ሥራ አባባ?»

«እንቅልፍ። ልጄን ለአንተ ትቼ እዚህ መተኛት ከቻልኩ፣ ቤቴማ በደንብ እተኛለሁ።» ጨበጡት፤ እጃቸው ጠንካራ ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ በዓመቱ መጨረሻ ውሉን ሲያድሱለት አላመነቱም። ለአዲሱ ዓመት ልጃችን እሱ ጋ ይመደብልን የሚሉ ወላጆች በዝተውባቸዋል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት የአንዲትን ሕፃን ካፖርት ቁልፎች ሊፈታ ተንበርክኮ ሳለ፣ ልጅቷ ፊቱን ትክ ብላ እያየች «ጋሼ፣ ስታድግ ምን ትሆናለህ?» አለችው።

ጥሩምባ የመጨረሻውን ቁልፍ ፈታ። «ይኸው ሆንኩ እኮ» አላትና፣ ጥግ ላይ ጠመኔ የሚበላውን ልጅ ለማስጣል ብድግ አለ።