አሻንጉሊቷ በምን ትሙት?

የመጋረጃ መስፊያ ቤታችን ካቦ ጡረታ ሊወጣ ነው ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት፣ በሽኝቱ ቀን ንግግር እያደረገ ልቡ ቀጥ ብትልስ ብዬ ነው። ደህና ሰው ነው፣ ክፉ አይንካው፤ ግን ደረጃ ሲወጣ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ መጋረጃዎቹን ቤቴ ወስጄ ነው የምሰፋው። ባለፈው ሳምንት ጨርቅ ልቀበል መስፊያ ቤቱ ስሄድ ጠራኝና፣ በሽኝቱ ላይ ያችን የድሮዋን ጭውውት እንዳሳይለት ለመነኝ።

«አሻንጉሊቷ የምትሞትባትን፤ እሷን ሳላይ አልሄድም» አለኝ።

ሳላይ አልሄድም ማለቱን ራሱ አልወደድኩትም።

ጭውውቷን የጻፍኳት ሴት ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ነው። ትልቋ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ትንሿ ገና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። የማይሰለቻቸው ጨዋታ ነበራቸው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁላቸው አሻንጉሊት ትሞታለች። በየቀኑ ትሞታለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ታጥባ ነፋስ ላይ ወጥታ፣ ሌላ ቀን ማስቲካ ውጣ፣ ሌላ ቀን ሮጣ እንደመጣች ውሃ ጠጥታ። አንዷ የኔን ሻርፕ ጠምጥማ፣ ወገቧን ይዛ፣ «አላልኩሽም? አላልኩሽም ነበር?» እያለች ሬሳውን ትቆጣለች። ሌላዋ ታለቅሳለች። ለቅሶው ሲያልቅ የቆሸሸ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ይቀብሯታል። እኔ ልብስ ላጥብ ስል ሬሳ አወጣለሁ።

በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ስስቅ፣ ሻርፕ ያደረገችው ሴት ማን እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ጎረቤታችን ናት፤ የላይ ቤቷ። ደረጃ ላይ ስታገኘን «ይቺ ልጅ ሳለች እንዴ?» ሳትል አታልፍም። ሟርተኛ። እናም ጻፍኩት። ሻርፕ የምታደርገዋን «ጎረቤት» አልኳት። መጨረሻ ላይ አንዲት ብልህ እናት ጨመርኩ፤ ገብታ ሁለት ቃል ስትናገር አሻንጉሊቷ ትነሳለች፣ ስለ ጥንቃቄ ትንሽ ምክር ይሰጣል፣ ያልቃል።

ልጆቼ በመስፊያ ቤቱ ሠራተኛ ፊት ሲጫወቱት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካቦው ከወንበሩ ወደቀ። የላይ ቤቷንም ጋብዣት ነበር፤ ራሷን አውቃ ትጣላኛለች ብዬ ስሳቀቅ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ሆነች። ከሀፍረቷ ነው ብዬ አዘንኩላት። ለወራት ደረጃ ላይ ድምጿን ስሰማ ተመልሼ ቤቴ እገባ ነበር።

አሁን ተዋናዮቼ ጡት መያዣ ያደርጋሉ። ትልቋ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር፤ ድንቢጥ የምንላትን ልጇን ከወለደች ጀምሮ ቤት ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ድንቢጥን ማን ይይዛታል ሲባል እኔ አለሁ አልኩ።

«እናያለን፣ እማ» አለችኝ።

በኛ ቤት እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው። ራሴ ነኝ ያስተማርኳቸው። ቆይቶ ትንሿ ሹክ አለችኝ፤ እህቷ ሞግዚት እያፈላለገች ነው። የማናውቃትን ሴት። ምድጃ ለኩሳ ስልክ ማውራት ብትጀምርስ? እያለሁልሽ፣ ደሜ የሆነችውን ልጅ ለባዳ! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና አንድ ብልሃት መጣልኝ። ጭውውቷ መታደስ አለባት አይደል? የብልኋን እናት ክፍል አሰፋዋለሁ፤ ትልቋ ስትሰማው እናቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ታስታውሳለች፤ አንጀቷ ይራራል።

እሑድ ሁለቱም መጡ። ድንቢጥን አሻንጉሊቷን አስይዘን ወደ መስፊያ ክፍሌ ሰደድናትና ማንበብ ጀመርኩ። ብልኋ እናት አንድ ገጽ ሙሉ ተናገረች። ማንም አልሳቀም። ሻርፕ ያደረገችዋ ስትገባ ግን ገና አፏን ሳትከፍት ትንሿ ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

«ቆይ እማ፣ ይቺ ጎረቤት የምትያት ማን ናት?» አለች።

«የላይ ቤቷ ናታ።»

ሁለቱ ተያዩ።

«የማንን ሻርፕ ነበር የምናደርገው?»

«የኔን። ሌላ ሻርፕ በቤቱ ስላልነበረ ነው።»

«ማስቲካ ከዋጣችሁ አንጀታችሁ ይጣበቃል የሚለንስ ማን ነበር? ፀጉራችንን አጥበን መስኮት ሲከፈት የሚጮኸውስ?» አለችና ራርታልኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማ፣ አንቺ እኮ ነሽ። የላይ ቤቷማ አንዴ ብቻ ሳልሽ እንዴ ብላኝ ነው።»

ካቦው ከወንበሩ ሲወድቅ ታየኝ። የላይ ቤቷ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ታየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳዝንላት፣ ለካ እሷ ናት ስታዝንልኝ የኖረችው። ትንሿ አላበቃችም፤ እናት ለመሆን ፀጉር እስከ መነጫጨት ይጣሉ እንደነበር ነገረችኝ። ለምን ቢባል፣ አሟሟቷን የምትመርጠው እናት ናት።

እሺ ታዲያ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይኸው ሁለታችሁም በሕይወት አላችሁ አልኩ። ትንሿ፣ ዋጋውን የከፈለችው አሻንጉሊቷ ናት አለች። ትልቋ ግን አልሳቀችም።

«እማ፣ እኔ እስከ ዛሬ ማስቲካ ሳኝክ ልቤ ይመታል» አለች። «ድንቢጥ እንደኔ ፈሪ እንድትሆን አልፈልግም።»

«ለዚህ ነው እናያለን ያልሽኝ?»

«ለዚህ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ይሄንን ግን ፈርቼው አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አጣጠፍኩት። ያኔ ነው ከመስፊያ ክፍሉ ድምፅ እንደሌለ ያስተዋልነው።

አፌን ልከፍት ስል ትልቋ ቀደመችኝ። ከሶፋው ተፈናጥራ እየሮጠች፣ መስኮቱ አለች፣ መቀሱ አለች፣ ቁልፍ ውጣ ታንቃ ይሆናል አለች፣ ካውያውን በላይዋ ጥላው ይሆናል አለች። ከሶፋው እስከ በሩ ድረስ ልጇን አራት ጊዜ ገደለቻት።

መስኮቱ ዝግ ነው። መቀሱ እኔ የሰቀልኩት ምስማር ላይ፣ ካውያው ከነገመዱ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ቁልፎቹ ባለ ክዳን ቆርቆሯቸው ውስጥ ናቸው። ድንቢጥ ግን የለችም። አሻንጉሊቷ ብቻ ስፌት መኪናው ሥር በደረቷ ተደፍታለች። ትልቋ መጮህ ስትጀምር፣ ጭምድዱ እንዲለቅ የሰቀልኩት የደንበኛ ከፈይ መጋረጃ ነቅነቅ አለ። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። ትልቋ ገለጥ አደረገችው። ድንቢጥ ጡጫዋን ጨብጣ፣ ፊቷ ካቦውን መስሎ ቆማለች።

«አትዩኝ» አለች። «እየካካሁ ነው።»

ሌላ እናት ብትሆን መጋረጃውን ትመልስ ነበር። ትልቋ ተንበረከከች። ሆድሽን ያምሻል? ቀጭን ነው ወፍራም? ግንባርሽን ልንካ፣ ምን በላሽ፣ መሬት የወደቀ ነገር በልተሻል? አላልኩሽም፣ የወደቀ አይበላም አላልኩሽም ነበር?

ትንሿ ከወንበሩ ላይ ሻርፔን አነሳችና ከኋላ መጥታ እህቷ ራስ ላይ ጣል አደረገችላት።

ትልቋ ሻርፑን ነካችው። ወደኔ ዞረች፣ ወደ እህቷ ዞረች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሁለቱ ተደጋግፈው ሲንከባለሉ ከመጋረጃው ኋላ «ጨረስኩ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሥራ የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከፈይ ውሃ አይወድም፤ ከደንበኛው ጋር ፍርድ ቤት ስንካሰስ እየታየኝ መጋረጃውን በአንድ እጄ ከፍ፣ ልጅቷን በሌላው ብድግ አደረግኩ። ከፈዩ ተርፏል። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣኝም፤ አስቤ ግን ጨርሻለሁ።

መታጠቢያ ቤት ሳጥባት ትልቋ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰኞ ጠዋት አመጣታለሁ» አለች። «ግን ስትጫወቱ እናት የምትሆነው እሷ ናት። አሟሟቱን እሷ ትምረጥ።»

«እናያለን» አልኩ።

አተኩራ አየችኝ።

«እሺ፣ እሺ» አልኩ።

ሰኞ ድንቢጥን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጋዙ አለች፣ መስኮቱ አለች፣ መቀሱ አለች። እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ልክ እሷ በልጅነቷ እንደምትመልስልኝ፣ ዘግቻለሁ፣ ዘግቻለሁ፣ ሰቅያለሁ አልኳት። አፈረችና ወረደች። ከደረጃው አጋማሽ ተመልሳ፣ ሮጣ እንደመጣች ውሃ እንዳትሰጫት ብላኝ ሄደች።

ወረቀቱን አወጣሁ። «ጎረቤት» የሚለውን እየሰረዝኩ «እናት» ብዬ ጻፍኩበት። ብልኋን እናት ከነምክሯ አወጣኋት፤ እኛ ቤት ኖራ አታውቅም። አሻንጉሊቷም አትነሳም። በሽኝቱ ቀን ሻርፑን የማደርገው እኔ ራሴ ነኝ። ካቦው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ግን ነግሬያቸዋለሁ፤ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። የላይ ቤቷንም ጠርቻታለሁ፤ አሁን ደረጃ ስለሚከብዳት ደግፌ አወርዳታለሁ፤ ሁለታችንም ተያይዘን ካልወደቅን።

የቀረው የመጨረሻው ሞት ነው። ማስቲካው ያረጀ መሰለኝ። ለድንቢጥ ሻርፑን ጠመጠምኩላት፤ እስከ አፍንጫዋ ወረደባት። ወገቧን ያዘች። አሻንጉሊቷን ፊቷ አጋደምኳት።

«እሜቴ፣ ዛሬ በምን ትሙት?» አልኳት።

አሻንጉሊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ብዙ አሰበች።

«በካካ» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ክፉውን ስጠብቅ ይቺ አንዷ አምልጣኝ ኖራለች። ጻፍኳት።