«ስኳርዎ እንከን የለበትም»

የባለቤቴ የየኔታ ላቀው አርባ ቀን ነበር። ቄሶቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ተዝካሩ ሊበላ ሲል ቴዎፍሎስ ከማንኩሳ በባጃጅ መጣ። ኀዘንተኛ ባልሆን እልል ባልሁ ነበር።

ቴዎፍሎስ ባለቤቴ ቅኔ ያስተማሩት ልጅ ነው። ኋላ አስኳላ ገባና ዶክተር ሆነ። አምና ለጥናቱ ደም ሊወስድ አገራችን መጥቶ ነበር።

«ወባዋ ወደ ደም ሴል የምትገባበት በር አለ» ብሎ አስረዳን። «በሩ ፕሮቲን ነው፤ የሚሠራው ጂን ከሰው ሰው ይለያያል። በሩ ላይ ደግሞ ስኳር ተለጥፎበታል። እኔ የማየው ያን ስኳር ነው።»

የኔታ ሳቁ። «ቅኔውን ጥለህ የሄድኸው የወባን በር ልትጠብቅ ነው? በል ቅዳ! ደሜ ከጣፈጣት እሷንም አልፈርድባትም።»

ከርሞ ደወለ። በደስታ ስለሚጮህ እኔም ሰማሁት። «የኔታ፣ የርስዎ ደም ድንቅ ነው! ስኳርዎ ጥርት ብሎ ታየኝ፤ እንከን የለበትም።»

ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ጥም ያዛቸው። ሰውነታቸው አለቀ፣ ቀሚሳቸው ሰፋቸው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «ዶክተር አይቶኝ የለም እንዴ? ስኳር የለብህም ተብያለሁ» አሉኝ። እኔም አመንሁ። ከቡሬ ገበያ ነጭ ማር አስመጥቼ ጧት ማታ ብርዝ አጠጣቸው ጀመር። «ነፍሴን መለስሽልኝ» ይሉኝ ነበር።

ራሳቸውን ሲስቱ ፍኖተ ሰላም አደረስናቸው። ሰርካለም የምትባል ነርስ ጣታቸውን ወግታ መሣሪያዋን አየችና «እማማ፣ ስኳር ነው። እንዴት እስከዛሬ ዝም አላችሁ?» አለችኝ።

«ዋሽተሻል! የእኛ ዶክተር አይቷቸዋል!»

ሲያርፉ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ረገምኋት። ነፍሰ ጡር መሆኗን እያየሁ «አይውጣልሽ» አልኋት።

እናም ቴዎፍሎስን ዳሱ ውስጥ አስቀምጬ ለቄሶቹ ነገርኋቸው። «መርምሮ ስኳር የለብዎትም ያላቸው ይኸ ልጃችን ነው። ያቺ ነርስ ናት በሌለ በሽታ የገደለቻቸው።»

ቄስ ገብረሰንበት መረቁት። «ዕድሜ ይስጥህ! በል ስትወጣ የኔንም ጉልበት እይልኝ፤ ሲቆረጥመኝ ነው የሚያድረው።»

ቴዎፍሎስ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። እጄን ይዞ ከጓሮ ወሰደኝ።

«እናቴ፣ እኔ በሽተኛ አላክምም።»

«ዶክተር አይደለህም?»

«ነኝ። የትምህርት ማዕረግ ነው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ያ ያልሁት ስኳርም በሩ ላይ የተለጠፈው ነው። የስኳር በሽታን አልመረመርሁም።»

ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ እጄን ከእጁ አስለቀቅሁ።

«ደማቸው እጅህ ላይ ነበር። ልታየው አትችልም ነበር?»

«እችል ነበር።» አንገቱን ደፋ። «አልፈለግሁትም። የፈለግሁት ሌላውን ነው።» ከዚያ አለቀሰ። «ቃል ሲነገርህ ሁለተኛውን ፍቺ ሳትፈልግ አትነሣ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ለእሳቸው ስናገር ረሳሁት። ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ።»

ይቅር ልለው አፌን ከፈትሁ። ብርዙ ትዝ አለኝ። ለካ በእጄ ሳጠጣቸው የኖርሁት እኔ ነኝ።

«ነገ ፍኖተ ሰላም ትወስደኛለህ» አልሁት። «ሳትወልድ ልድረስባት።»

ሰርካለም ገና ከበር ስታየኝ በእጇ ሆዷን ሸፈነች። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ቴዎፍሎስ ከኋላዬ ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ» ይላል።

«አንተ ዝም በል» አለችው። «የረገሙኝ እሳቸው ናቸው።» እኔን ቁልቁል አየችኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ እማማ። ልጁ መንቀሳቀሱን ባቆመ ቁጥር ያ ቃልዎ ይመጣብኛል። ለእኔ አይንገሩኝ። ለእሱ ይንገሩት።»

እጇን ከሆዷ አነሣች። ተንበርክኬ አፌን አስጠጋሁ።

«በሰላም ውጣ» አልሁት። «ውጣ፣ የኔ ጌታ። እደግ።»

ስንመለስ ከቴዎፍሎስ ጋር እስከ ማንኩሳ ድረስ አብረን መጣን። ልንለያይ ስንል «እኔንስ?» አለኝ።

«እኔ ልፍታህ አልችልም፣ ልጄ። እኔም አልተፈታሁ» አልሁት።

የቡሬው ማር ግማሹ መደቡ ሥር አለ። እስካሁን አልነካሁትም። ለሰውም መስጠት አልቻልሁም።